የአተላ ሂሳብ

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው አተላን ያውቃል። ጠላው ተጠልሎ ካለቀ በኋላ በጋኑ ሥር የሚቀረው ወፍራም ዝቃጭ ነው። እኛ መንዝ ውስጥ አተላ የሚደፋ ነገር አልነበረም። ላም ይጠጣዋል፣ የሚደለብ በሬ ይጠጣዋል። ድግስ ያለበት ቤት አተላው ገና ጠላው ሳያልቅ ባለቤት ያገኛል፤ ጎረቤት "ለእኔ ላም ያዙልኝ" ብላ ቀደም ብላ ትናገራለች። አያቴ አንዲት ሴት አተላ ወንዝ ውስጥ ስትደፋ ብታይ ኖሮ የሚያስደንቃት የውሃው መቆሸሽ አልነበረም። "ምነው፣ ላም የላትም እንዴ?" ነበር የምትለው።

ይህን ያነሳሁት በእኛ ቋንቋ ገና ስም ስላልወጣለት ነገር ልጽፍ ስለሆነ ነው። በሌላው ዓለም በብዙ ከተሞች አንድ ፋብሪካ ከተለመደው የወፈረ ፍሳሽ ወደ ከተማው ቧንቧ ሲለቅ፣ ከመደበኛው ክፍያ በላይ ይከፍላል። ሂሳቡ ውሃው ስንት ሜትር ኩብ ነው ተብሎ ብቻ አይሠራም፤ በውስጡ ምን ያህል ጭነት ተሸክሟል ተብሎም ይሠራል። እኔ የአተላ ሂሳብ እለዋለሁ።

የፍሳሽ ክፍያ ታሪክ ማን ያነባል ትሉ ይሆናል። ግን ታገሱኝ፤ ጉዳዩ የእኛም የቆየ ጉዳይ ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ለሽታ ዋጋ ማስከፈልን ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። ያስከፈለው ግን በገንዘብ ሳይሆን በክብር ነው፤ ያስከፈለውም አቅም የሌለውን ሰው ነው። ፋብሪካ ሲመጣ ያ አሮጌ ዋጋ እየቀረ ሄደ። በቦታው ግን ሌላ ዋጋ አልተተካም።

ፋቂው የከፈለው

መንዝ የበግ አገር ነው። በዚያ ብርድ ያለ በግ መኖር አይቻልም። ከጸጉሩ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራል፤ ከቆዳው ለምድ ይወጣል። የከብቱና የፍየሉ ቆዳ ደግሞ ስልቻ፣ አቅማዳ፣ ጠፍር፣ ጅራፍ፣ የመጽሐፍ ማኅደር ይሆናል። ያለ ቆዳ ቀንበር አይጠመድም፣ እህል አይጫንም። እንዲህ ካልን ቆዳ የሚያለፋው ሰው በአገሩ የተከበረ መሆን ነበረበት። አልነበረም።

ቆዳ ማልፋት ይሸታል። ጥሬው ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ ጸጉሩ እስኪላላ ይቆያል፣ ይፋቃል፣ በእምቧይና በመሳሰሉት ይታሻል፣ ይረገጣል። ሥራው ውሃ ይፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ሽታውን ይሸሻል። ስለዚህ ፋቂው ከመንደሩ ጫፍ፣ ወደ ውሃው ጠጋ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ከቦታው ጋር ስሙም ተለየ። ቡዳ ነው ተባለ። ባለ ርስት ልጁን አልዳረለትም፣ አብሮ መብላቱንም ሸሸ። ቀጥቃጩም ሸክላ ሠሪዋም ከዚሁ ዕጣ አላመለጡም።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ፋቀ የሚለው ግሥ ለሁለት ሰዎች ያገለግላል። አንዱ ቆዳ ፋቂ ነው፤ ሌላው ብራና ፋቂ። ብራናም እኮ ቆዳ ነው፤ ይዘፈዘፋል፣ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ሽታም አለው። ግን ብራና የሚፍቀው ብዙ ጊዜ የቤተ ክህነት ሰው ነውና ሥራው አላስናቀውም። አንድ ዓይነት እንስሳ፣ አንድ ዓይነት ሽታ፣ ሁለት ዓይነት ዋጋ። እንግዲህ ሲከፈል የኖረው ለሽታው ብቻ አልነበረም፤ ዋጋውን የሚወስነው የሠሪው ማንነት ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን የሚሰድብ ሰው አገሪቱን ባለሙያ እያሳጣት ነው የሚል ክርክር ነበራቸው። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ነገር ግን አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል እንጂ ጋብቻን አያዝም፤ ንቀቱ ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆየ።

ስለ ወንዙም ፍርድ እንስጥ ካልን፣ ያ ፋቂ በወንዙ ላይ ያደረሰው ጉዳት ኢምንት ነው። በሳምንት ጥቂት ቆዳ ነው። የሚጠቀመውም የዕፅዋት ጭማቂ ነው። ወንዙ በጥቂት ርቀት ውስጥ ያን ጨርሶ ይበላዋል። ኢምንት ለሆነ ጉዳት ከባድ ዋጋ፣ ያውም ከልጅ እስከ ልጅ ልጅ የሚከፈል።

ከመንደር ጫፍ ወደ ደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን የከተማነት ታሪኳን ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ትጀምራለች። ስሟንም ያገኘችው በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። የፋብሪካ ታሪኳ ግን አጭር ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተከፈተላት። ባናና ዝተት በሚሠራበት አገር አጠገብ የሱፍ ፋብሪካ መቆሙ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀጥሎ የቆዳ ፋብሪካ መጣ። በ2000ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ሁለት ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች፣ ሐበሻና ዳሸን፣ ሥራ ጀመሩ። በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ።

ልብ ብላችሁ እዩት። ሱፍ፣ ቆዳ፣ ጠላ። የመንዝ እናቶችና ፋቂዎች ለዘመናት በእጃቸው ሲሠሩ የኖሩትን ሦስት ነገር ነው ፋብሪካው ያሳደገው። ሦስቱም ደግሞ በዓለም ላይ ፍሳሻቸው በጣም ወፍራም ከሆኑ ሥራዎች ይመደባሉ። ጥሬ የበግ ሱፍ ሲታጠብ የሚወጣው ቅባትና ላብ ብቻውን ከየትኛውም ቤት ፍሳሽ እጅግ ይወፍራል። ይህን የምለው የአንዱን ፋብሪካ ስም ለማንሳት አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ስለሆነ ነው።

የሚያድገው ደግሞ አንድ ከተማ ላይ ብቻ አይደለም የሚቀረው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ የመንዝን ድንበር የሚሰፍረው በወንዞች ነው። በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጭኔ፤ በምሥራቅ ብቻ የተራራው ሰንሰለት። በእኛ አገር ወንዝ አጥር ነው ማለት ይቻላል። ግን ወንዝ አጥር ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ይወርዳል። በደብረ ብርሃን በኩል የሚያልፈው በሬሳም ከጀማ ተፋሰስ ነው፤ ጀማ በመርሐቤቴ ሥር ባለው ጥልቅ ገደል አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል። ደጋ ላይ የተለቀቀ ነገር ቆላ ላይ ሰው አለበት። ከብቱን የሚያጠጣ፣ ልብሱን የሚያጥብ፣ በወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ሰው። ጭነቱ ግን እኩል አይከፋፈልም። እታች እየወረደ፣ ሌሎች ወንዞች እየተቀላቀሉት ሲሄድ ይቀጥናል። ዋናው ሸክም የሚያርፈው ከፍሳሹ አፍ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ባለው ገበሬ ላይ ነው።

ውሃ ሲወፍር ምን ማለት ነው

እስቲ ነገሩን ቀለል አድርገን እንየው። ወንዝ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት አሉ። የሚበላ ነገር ሲመጣላቸው፣ ለምሳሌ አተላ፣ ደም፣ ስብ፣ ጸጉር፣ ይበሉታል። ሲበሉ ይተነፍሳሉ፤ ሲተነፍሱ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ምግቡ ከበዛ ኦክስጅኑ ያልቃል። ያን ጊዜ ዓሣው ይሞታል፣ ውሃው ይጠቁራል፣ የበሰበሰ እንቁላል መሽተት ይጀምራል። የቆዳ ፋብሪካ አካባቢ የኖረ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል።

እንግሊዞች የፋብሪካ ዘመናቸው ወንዞቻቸውን ከገደለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1898 የፍሳሽ ንጉሣዊ ኮሚሽን አቋቋሙ። ከዚያ ሥራ ነው ዛሬ መሐንዲሶች ቢ.ኦ.ዲ. የሚሉት መለኪያ የተስፋፋው። የፍሳሹ ናሙና ይወሰድና በ20 ዲግሪ ለ5 ቀን ይቀመጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደበላ ይቆጠራል። የበላው በበዛ ቁጥር ውሃው ወፍራም ነው። በእኛ አነጋገር፣ አተላውን በሚዛን አስቀመጡት ማለት ነው።

የእኛ ደጋ እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። በባሕር ወለል ከፍታ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ደብረ ብርሃን ግን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ይሳሳል፣ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ሙቀት ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ብርዱ ትንሽ ይክሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይክሰውም። ላይ በበጋው ወንዙ ራሱ ቀጭን ጅረት ይሆናል። ስለዚህ ለንደን ላይ ወንዙ የሚችለውን ጭነት እኛ ደጋ ላይ ያለ ትንሽ ወንዝ በመጋቢት አይችለውም።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ። ቁጥሮቹ የማንም ፋብሪካ አይደሉም፤ ሂሳቡ እንዲገባን ብቻ ነው። የተለመደ የቤት ፍሳሽ በሊትር ወደ 300 ሚሊ ግራም ቢ.ኦ.ዲ. አለው እንበል። አንድ ፋብሪካ በቀን 100 ሜትር ኩብ ይለቃል፤ የፍሳሹ ውፍረት ግን 3,000 ነው። ለቢራ ወይም ለቆዳ ይህ እንግዳ ቁጥር አይደለም። በቀን 300 ኪሎ ግራም ጭነት ማለት ነው። በአውሮፓ አንድ ሰው በቀን 60 ግራም ተብሎ ይታሰባል። ስናካፍለው 5,000 ሰው ይመጣል። ያው 100 ሜትር ኩብ የቤት ፍሳሽ ቢሆን ኖሮ የ500 ሰው ብቻ ነበር። ቆጣሪው 500 ሰው ያያል፤ ወንዙ 5,000 ሰው ይሸከማል። በሜትር ኩብ ብቻ ካስከፈልን የ4,500ው ሰው ሂሳብ ባለቤት የለውም ማለት ነው። ባለቤት የለውም ስል ግን የሚከፍለው የለም ማለቴ አይደለም። ከታች ያለው ሰው ይከፍለዋል፣ በላሙና በልጁ ሆድ።

የቆዳው ነገር ደግሞ ከአተላ ያልፋል። ከአንድ ቶን በጨው ከቆየ ጥሬ ቆዳ ያለቀለት ቆዳ ሆኖ የሚወጣው ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው። የቀረው ወይ ደረቅ ተረፈ ምርት ይሆናል፣ ወይ በውሃ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1884 አሜሪካ ውስጥ አውጉስት ሹልትዝ የተባለ ሰው በክሮም ማልፋትን በፓተንት አስመዘገበ። በዕፅዋት ሳምንታትና ወራት የሚፈጀው ሥራ በክሮም በሰዓታትና በቀናት ያልቃል። ዛሬ አብዛኛው የዓለም ቆዳ የሚለፋው በዚሁ ነው። ግን ከሚጨመረው ክሮም ጥሩ ድርሻ ቆዳው ውስጥ አይቀርም፤ ከውሃው ጋር ይወጣል። ክሮም ደግሞ ሕዋስ የሚበላው ምግብ አይደለም። አይበሰብስም፤ ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል።

ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ ይመለሳል። አተላ ወንዝ ሊበላው የሚችል ጭነት ነው፣ መርዝ ግን ወንዝ አይበላውም።

ሌሎቹ እንዴት አስከፈሉ

በምዕራብ ለንደን ሞግደን የሚባል ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ነው የተከፈተው። በዓመቱ የወጣው ሕግ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ወደ ሕዝብ ቧንቧ የማስገባት መብት ሰጣቸው፤ አብሮም ሁኔታና ክፍያ አመጣ። በማጣሪያው ስም የሚጠራው የሞግደን ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሐሳቡን ማንም ይረዳዋል። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አራት ነገር ይከፍላል። አንደኛ፣ ቧንቧው ተቀብሎ ስላጓጓዘው። ሁለተኛ፣ ማጣሪያው ውስጥ ስላለፈ። ሦስተኛ፣ ፍሳሹ ከከተማው አማካይ ስንት እጥፍ ይወፍራል ተብሎ፣ በዚያ ልክ የሕዋሳቱን ሥራ ወጪ። አራተኛ፣ ዝቃጩ ከአማካዩ ስንት እጥፍ ነው ተብሎ፣ በዚያ ልክ ዝቃጭ የማስወገጃውን ወጪ። የቀጠነ ያነሰ ይከፍላል፣ የወፈረ ይበልጥ ይከፍላል። በቃ።

ይሄ ግን ቧንቧ ላለው ከተማ ነው። ቧንቧ ለሌለውስ? ለእኛ የሚጠቅመው መልስ ከኔዘርላንድስና ከጀርመን ይመጣል። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ወደ ወንዝና ቦይ የሚለቅ ሁሉ በሰው ብዛት እኩያ እየተሰላ እንዲከፍል አደረገች፤ ከላይ እንደሠራነው ስሌት ማለት ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1976 ሕግ አወጣች፣ ከ1981 ጀምሮ ማስከፈል ጀመረች። ክፍያው ለቧንቧ አገልግሎት አይደለም፤ ወንዙ ላይ ለሚጫነው ጉዳት ነው።

ኔዘርላንድስ ውስጥ የሆነው ነገር አስተማሪ ነው። ክፍያው እየጨመረ ሲሄድ ፋብሪካዎቹ የሚለቁት ጭነት በብዙ ቀነሰ። ጥሩ ሰዎች ሆነው አይደለም። አተላውን መልቀቅ ከአተላው መጠቀም የበለጠ ውድ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ እንደ አያቴ ማሰብ ይጀምራል። ቢራ ጠማቂ የብቅሉን ተረፈ ምርት ለከብት አድላቢ ይሸጣል። እርሾውን ይለያል። ቆዳ አልፊ ጸጉሩን በኬሚካል ከማሟሟት ሳይሟሟ ይሰበስበዋል፣ ክሮሙን መልሶ ይጠቀምበታል። እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ የታወቁ ናቸው፤ የጎደለው ብዙ ጊዜ ምክንያት ነው።

የእኛ ሕግ የት ጋ ቆመ

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ፍሳሽን ወደ ውሃ ለመልቀቅ ፈቃድ ይጠይቃል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ይከለክላል፤ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ወደ ፋብሪካዎቹ ጠጋ ብሎ ይናገራል። በካይ ይክፈል የሚለው መርህ በፖሊሲዎቻችን ውስጥ ተጽፏል።

ችግሩ የሕጉ አካሄድ ነው። ሕጉ የሚያስበው በመስመር ነው። ከመስመሩ በታች ከሆንክ ነፃ ነህ፤ ካለፍክ ጥፋተኛ ነህ። ጥፋተኛ ለማለት ደግሞ መያዝ ያስፈልጋል፣ መክሰስ ያስፈልጋል፣ መፍረድ ያስፈልጋል። ይህ እንዴት እንደሚከብድ የአቃቂ ወንዝ ያስተምራል። አፓፕ የሚባለው የባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ሲበከሉ ዝም ብሏል ብሎ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሰሰ። ክሱ ውድቅ ሆነ፤ የበከለው ባለሥልጣኑ አይደለም ተባለ። አቃቂ ግን እስከ ዛሬ የአዲስ አበባን ጓሮ ያጠጣል፤ በዚያ ውሃ የበቀለ ጎመንና ሰላጣም ለገበያ ይቀርባል።

ቅጣት መያዝን ይፈልጋል፤ ክፍያ የሚፈልገው መለካትን ነው። ክፍያ ጥፋተኛ አይፈልግም። የሚከፍለው ሰው ወንጀለኛ አይደለም፤ ሸክም የጣለ ደንበኛ ነው።

መንግሥት በቆዳ ላይ ዋጋ መቁረጥ አያውቅም እንዳንል ደግሞ ማስረጃው አለ። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 567 ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ቀረጥ ተጣለበት። ዓላማው ፋብሪካዎች ሥራውን እዚሁ እንዲጨርሱ ነበር። ቆዳው ከአገር እንዳይወጣ ዋጋ ተቆረጠለት። ሥራው እዚህ ሲያልቅ ግን ኬሚካሉም እዚህ ይቀራል፣ ውሃውም እዚህ ይወርዳል። ስለዚያ አዋጁ አንዳች አይልም። ቆዳው በጉምሩክ በር ሲወጣ የሚመዝነው አለ፤ ውሃው በፋብሪካው ጓሮ ሲወጣስ?

ቧንቧም ቢሆን ብቻውን መልስ አይሆንም። አዲስ አበባ የቃሊቲን ማጣሪያ በቀን ከ7,600 ሜትር ኩብ ወደ 100,000 ሜትር ኩብ አሳድጋለች። ትልቅ ሥራ ነው። ማጣሪያ ግን በውስጡ ባሉ ሕዋሳት ነው የሚኖረው። ወፍራም ፍሳሽ ሲገባ ተጨማሪ አየር፣ ተጨማሪ መብራት፣ ተጨማሪ ዝቃጭ ይጠይቃል። ይህን ፋብሪካው ካልከፈለ በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖረው ነዋሪ በውሃ ቢሉ ይከፍልለታል። ከአዲስ አበባ ውጭ ደግሞ የፍሳሽ መስመር ብርቅ ነው፤ ጉድጓድ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል። እነዚህ ከተሞች ነገ ቧንቧ ሲዘረጉ ሂሳቡን ከመጀመሪያው በውፍረት ቢያደርጉት ይሻላቸዋል። በኋላ መቀየር ከባድ ነው፤ የለመደ ደንበኛ አዲስ ቢል አይወድም።

የሚነሱ ጥያቄዎች

ለጓደኞቼ ይህን ሳወራ ሦስት ነገር ይሉኛል።

አንደኛው "ፋብሪካው ይሄዳል፣ ሥራ እናጣለን" የሚል ነው። ቀላል ክርክር አይደለም። በደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች የሚሠራው ልጅ እኮ የመንዝና የግሼ፣ የመርሐቤቴ ልጅ ነው። ክፍያው ቀስ እያለ የሚያድግ፣ አስቀድሞ የታወቀና ለሁሉም እኩል መሆን ያለበት ለዚህ ነው። በዚያም ላይ ዛሬም ወጪው አለ፤ ከፋይ ተደርጎ የቆየው ግን የከብቱን ውሃ ያጣው ገበሬ ነው። እሱም ሥራ ነበረው።

ሁለተኛው "ከፍሎ መበከል ሊሆን ነው እንዴ?" የሚል ነው። ትክክለኛ ስጋት ነው። ያልኳችሁ ልዩነት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በውፍረት ማስከፈል የሚሠራው ለአተላ ነው፤ ለሚበሰብሰው፣ ማጣሪያው ሊበላው ለሚችለው። ለክሮምና ለመሰል መርዝ ዋጋ አይቆረጥለትም፤ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ መቅረት አለበት። ክፍያና ክልከላ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፦ "ማን ይለካል? የሚለካውንስ ማን ያምነዋል?" ሚዛን በሌለበት ዋጋ የለም። ሚዛኑ በአንድ መሥሪያ ቤት ኪስ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የሚለቀውም የሚጠጣውም አያምነውም። እዚህ ላይ ፈረንጅ አገር ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ መንዝ ጓሳ አለላት። ጓሳን የአስቦና የገራ ዘሮች ለዘመናት በቀሮ ሥርዓት ጠብቀውታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ የሚከፈትበት ቀን በአደባባይ ይነገራል፣ ጠባቂዎቹ በሕዝቡ ይመረጣሉ፣ የጣሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ። ቦታው ግን በኅብረተሰቡ ጥበቃ እስከ ዛሬ አለ፤ ከጓሳ የሚነሱ ምንጮችም ወደ ጀማ ይወርዳሉ። ፍጹም ሥርዓት አልነበረም፤ የአቅኚ ዘር ያልሆነውን ይተው ነበር። ያም ሆኖ አንድ ነገር ያሳያል። ይህ ሕዝብ የጋራ የሆነን ነገር መለካት፣ መዝጋትና መክፈት፣ ልኩንም በአደባባይ መናገር ያውቅበታል። ለሣር የሠራው ለውሃ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። የየወሩ ቁጥር በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ በታችኛው ተፋሰስ ያለው ገበሬም ናሙና ሲወሰድ ቆሞ ቢያይ፣ ጅማሬ ነው።

ዋጋ ያለ ንቀት

የታሪኩ ጠመዝማዛ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። የድሮው ደጋ ሽታን የለካው በዘር ነበር። ጥቂት ቆዳ ያለፋው ሰው ከማኅበር ተገፋ፣ ልጆቹም ከነስማቸው ተገፉ። ዛሬ የቆዳ ፋብሪካ ባለቤት ባለሀብት ይባላል፣ በሽልማት መድረክ ላይ ይቀመጣል። መቀመጡ ደስ ይለኛል፤ ቆዳ ማልፋት ክቡር ሥራ ነው፣ ምኒልክም ይህንኑ ነበር ሊሉ የፈለጉት። ንቀቱ መውደቅ ነበረበት።

ግን ንቀቱ ሲወድቅ ሂሳቡም አብሮ ወደቀ። ሰውየውን መስደብ ስናቆም ውሃውን መጠየቅም አቆምን። ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን ማንም አልነገረንም። ሰውን ሳያዋርዱ ሸክሙን መመዘን ይቻላል። በሊትር ስንት ሚሊ ግራም ነው የሚለው ጥያቄ ዘር አያውቅም፣ ቡዳ አያውቅም፣ ባለሀብትም አያውቅም።

ስለዚህ በየከተማችሁ አዲስ ፋብሪካ ሲመረቅ፣ ስንት ሰው ይቀጥራል፣ በዓመት ስንት ሄክቶ ሊትር ያመርታል የሚሉት ቁጥሮች በዜና ሲነገሩ፣ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት። አተላው የስንት ሰው ነው? ማንስ ነው የሚከፍለው?